ሰም፣ ነሐስና የተዋናይት ፊት

መነሻ

በአማርኛ «ሐውልት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። የአክሱሙ ድንጋይ ሐውልት ነው፤ በየአጥቢያው መካነ መቃብር የሚቆመው እብነ በረድ ሐውልት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ ምስልም ሐውልት ነው። ቃሉ በግእዝ ዓምድ ማለት በመሆኑ ዋናው ቁም ነገሩ መቆም እንጂ መምሰል አይደለም። ስለዚህም ይመስለኛል፣ አንድ ሐውልት ሲመረቅ «ለማን ቆመ? ማንስ አቆመው?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ሰውየውን ይመስላል ወይ? ከመሰለስ የትኛውን ገጽታውን ነው የመሰለው?» ብለን ብዙ አንጨነቅም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። የሚፈትነውም እጅግ በሚያስቸግረው ጉዳይ፣ በተዋናይት ምስል ነው። ንጉሥ በዘውዱ፣ ጳጳስ በመስቀሉ፣ አርበኛ በጠመንጃው ይታወቃል። የተዋናይት ሙያ ግን ፊትን መለዋወጥ ነው፤ ነሐስ ደግሞ አንዴ ከረጋ አይለወጥም። የሚለዋወጠውን ፊት በማይለወጠው ማዕድን ለመያዝ የተነሣ ቀራፂ ምኑን መያዝ ይገባዋል? የወከለችውን ገጸ ባሕርይ ነው ወይስ ራሷን?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የተዋናይት ምስል እንደ ቅኔ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ሰሙ፣ እሷ ራሷ ወርቁ ናት። ሰሙን ብቻ የያዘ ምስል ያስቃል ወይም ያስፈራል፤ ወርቁን ብቻ የያዘ ምስል ያምራል፣ ግን ዝም ይላል። ምስሉ ምስል የሚሆነው ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው። ይህን ለማሳየት ሦስት ነገሮችን እመለከታለሁ፦ በሰሜን አሜሪካ በአንድ ሐይቅ ዳር የቆሙትን የአንዲት ተዋናይት ሁለት የነሐስ ሐውልቶች፣ በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ የሚገኘውን የእቴጌ ምንትዋብን ሥዕል፣ በመጨረሻም አንድ ቀን እዚህ ባሕር ዳር ላይ በሐይቁ ዳር ላየው የምመኘውን የአስናቀች ወርቁን ምስል።

ሁለቱ ሉሲዎች

«ሉሲ» ሲባል ለእኛ አስቀድማ የምትታወሰን በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ናት። እዚህ የማነሣት ግን አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሉሲል ቦል ናት። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በጀምስታውን ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው እዚያው አቅራቢያ በሻቶኳ ሐይቅ ዳር ባለችው ሴሎሮን በተባለች ትንሽ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በሆሊውድ በብዙ ፊልሞች ላይ ሠርታለች። ዓለም አጥብቆ የያዛት ግን ከ1951 እስከ 1957 በታየው «ሉሲን እወዳታለሁ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ቀልድ ነው። በ1989 አረፈች።

መንደሯ አልረሳቻትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴቭ ፖውሊን የተባለው ቀራፂ የሠራው፣ በቁመቷ ልክ የሆነ የነሐስ ሐውልት በሐይቁ ዳር፣ በስሟ በተሰየመው መናፈሻ ቆመላት። ሐውልቱ ተዋናይቷን በአንድ እጇ ጠርሙስ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛ ያሳያታል። ዓይኖቿ ፈጠዋል፤ ጥርሶቿ ተገልጠዋል፤ ጉንጮቿ ተወጥረዋል። ለጥቂት ዓመታት ነገሩ ከመንደሩ አልፎ ብዙ አልተወራም። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን «ይህ ሐውልት ይነሣልን» የሚሉ አድናቂዎች በማኅበራዊ መገናኛ የከፈቱት ዘመቻ ፎቶግራፉን በዓለም ዙሪያ አዞረው፤ «አስፈሪዋ ሉሲ» የሚል ቅጽል ወጣላት። ቀራፂው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ በራሱ ወጪ ሊያርመው ፈቃደኛ መሆኑንም ገለጸ። መንደሩ ግን አዲስ ማሠራትን መረጠ። በካሮሊን ፓልመር የተቀረፀው ሁለተኛው ሐውልት ኦገስት 6 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.፣ ተዋናይቷ በሕይወት ብትኖር 105 ዓመት በሚሞላት ዕለት ተመረቀ። የመጀመሪያውም አልተጣለም። እዚያው መናፈሻ ውስጥ፣ ከአዲሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል።

ሁለቱን የማውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። የፖውሊንን ሥራ መጀመሪያ ሳየው እንደማንኛውም ሰው ሳቅሁ። በአንድ የሂስ ክፍለ ጊዜም ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጌ ለተማሪዎቼ አሳየሁ፤ እነሱም ሳቁ። ወዲያው አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ የመጀመሪያዋ ማንን ነው ያልመሰለችው? ሴትዮዋን ነው ወይስ የተጫወተቻትን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሂስ ማለት የሳቅን ምክንያት መመርመር ሆኖ ሳለ እኔ ሳቁን ብቻ ይዤ ክፍል መግባቴ አሳፈረኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

ማንኪያውና ጠርሙሱ ከየት መጡ? እ.ኤ.አ. በ1952 ከታየ አንድ ክፍል ነው። ሉሲ የተባለችው ገጸ ባሕርይ አንድ የጥንካሬ መድኃኒት በቴሌቪዥን ለማስተዋወቅ ልምምድ ታደርጋለች። መድኃኒቱ አልኮል እንዳለበት አታውቅም። በመጀመሪያው ማንኪያ ፊቷ ይኮማተራል፤ አፏ ግን «እንዴት ይጣፍጣል!» ማለት አለበት። ልምምዱ ይደገማል፤ ማንኪያውም ይደገማል። እየቆየ መድኃኒቱ ይጥማታል፤ ምላሷ ይተሳሰራል፤ ጉልበቷ ይከዳታል። ቀልዱ ያለው እንግዲህ በአንዱ ፊት ላይ አይደለም። ከምሬቱ ወደ ፈገግታው፣ ከፈገግታው ወደ ስካሩ በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። ተመልካቹ የሚስቀው የቅድሙን ፊት በአሁኑ ላይ ደርቦ ስለሚያይ ነው። ከሁሉም በላይ ከዚያ ሁሉ የፊት ግልብጥብጥ በስተጀርባ አንዲት ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለክታና መጥና እየሠራች መሆኗን ያውቃል። ሰካራሟ ገጸ ባሕርይዋ ናት፤ ተዋናይቷ ቅንጣት ታህል አልሰከረችም።

ፖውሊን ከዚያ ጉዞ አንዲት ቅጽበት ቆርጦ ወሰደ። ከፊቷም ከኋላዋም የነበረውን ቀልድ ትቶ፣ የተኮማተረውን ፊት ብቻ በነሐስ አጸናው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ስሕተት በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱን ቃል ከቤቱ ነጥሎ «ይኸው ቅኔው» እንደማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ገጸ ባሕርይዋን የሚያንቀሳቅሰው ጥንቃቄ በነሐሱ ላይ አለመታየቱ ነው። በሐውልቱ ላይ የሚታየው ማንኪያውን የቀመሰችው ናት፤ መቅመሱን የተጫወተችው የለችም። ሰሙ አለ፣ ወርቁ ጠፍቷል።

ፓልመርስ? የእሷ ሉሲ ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳ፣ ሉል አጥልቃ፣ ዘና ብላ ቆማለች። መልኩ ይመስላል፤ የመንደሩም ሰው ተደስቷል። እኔም የተሻለ ሐውልት እንደሆነ አልክድም። ይሁን እንጂ ሁለተኛዋን ሉሲ ያየ እንግዳ ይህች ሴት ያማረች ባለጸጋ ወይዘሮ ትሁን ወይም ሚሊዮኖችን ያሳቀች ተዋናይት ትሁን ከነሐሱ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ወርቁ አለ፣ ሰሙ የለም። ፖውሊን ከባዱን ነገር ሞክሮ ወደቀ፤ ፓልመር ቀላሉን መርጣ አሳመረችው። ስለዚህ መንደሩ ሁለቱንም ማቆየቱን እንደ ትልቅ ማስተዋል እቆጥረዋለሁ። እያንዳንዳቸው የጎደላቸው በሌላቸው ላይ አለ። በሐይቁ ዳር የሚመላለስ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ነሐሱ ሊያደርገው ያልቻለውን ጉዞ በእግሩ ያደርገዋል።

ሰሙ ሲቀልጥ

«ሰምና ወርቅ» የምንለው ከአንጥረኛ ቤት የተገኘ አነጋገር መሆኑን ሁላችንም እንማራለን፤ ሥራውን ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። በድሮ ዘመን የዑደት መስቀል የሚሠራው አንጥረኛ መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይቀርፀዋል። በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ መግቢያና መውጫ ቀዳዳም ይተዋል። ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጭቃውን ሰብሮ መስቀሉን ያወጣል። ዛሬ የነሐስ ሐውልት የሚሠራውም በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ነው። ቀራፂው ምስሉን በሸክላ ጭቃ ይሠራል፤ ከሸክላው ቅርጽ ማውጫ ይወሰዳል፤ ከቅርጽ ማውጫው የሰም ቅጂ ይገኛል፤ በሰሙ ዙሪያ እሳት የሚችል ልባስ ይደረጋል፤ ሰሙ ይቀልጣል፤ በቦታው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ነሐስ ይፈስሳል። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ የተባለው ማዕድን ተዋሕደው የሚገኝ ቅይጥ ነው።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ነሐስ የራሱ ሐሳብ የለውም። በሰሙ ላይ የነበረውን የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀር ይደግማል። ስሕተቱ በሰሙ ላይ ካለ በነሐሱም ላይ አለ፤ ልዩነቱ በሰም ጊዜ በአውራ ጣት ይታረም የነበረው ከዚያ በኋላ በመጋዝና በሞረድ እንኳ አልታረም ማለቱ ነው። ሁለተኛ፣ በአንጥረኛው ቤት ሰሙ ይጠፋል፤ በቅኔ ቤት ግን አይጠፋም። ቅኔ የሰማ ሰው ወርቁን ሲያገኝ ሰሙን አይጥለውም፤ ሁለቱን በአንድ ቃል ላይ ይዞ በመካከላቸው ባለው ርቀት ይደሰታል። ስለዚህ የተዋናይት ምስል የሚሠራ ቀራፂ ከአንጥረኛው ይልቅ ባለቅኔውን መምሰል አለበት የምለው ለዚህ ነው። እሳቱ የወሰደውን ሰም በዘዴ በነሐሱ ላይ መመለስ ይጠበቅበታል።

ይቻላል ወይ? «ነሐስ ፀንቶ የቆመ ነገር ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ፊት አይይዝም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ ጃኮብ ኤፕስታይን የተባለውን የእንግሊዝ አገር ቀራፂ እጠቅሳለሁ። ኤፕስታይን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ምክንያት በስደት ለንደን በገቡበት በ1936 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የቀረፀ ሰው ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘፋኙንና የቲያትርና የፊልም ተዋናዩን የፖል ሮብሰንን ጭንቅላት በነሐስ ሠርቷል። ኤፕስታይን የሸክላውን ሸካራነት አልስልስሎ አያጠፋም። የጣቱ ዱካ በጉንጭና በግንባር ላይ ይቀራል፤ ብርሃን በዚያ ሸካራ ገጽ ላይ ሲያርፍ ይሰባበራል፤ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ ፊቱ የተለወጠ ይመስላል። ከዚህ ሌላ በሮብሰን ምስል ላይ ማንኪያ የለም፤ የመድረክ ልብስ የለም፤ ይህ ገጸ ባሕርይ ነው የሚያሰኝ ምልክት የለም። ሆኖም ያ ፊት ማንንም ሊሆን እንደሚችል ይታያል። እንግዲህ ችግሩ የነሐሱ አይደለም።

መልክዕና ናርጋ

ወደ አገራችን ስንመለስ የመልክን ነገር የያዝነው በድንጋይና በነሐስ ሳይሆን በቃልና በቀለም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን እንጂ ዙሪያውን የተቀረፀ ምስልን አላስለመደችም። በቃል ግን «መልክዕ» የሚባል ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት አለን፤ መልክዐ ማርያምና መልክዐ ኢየሱስ ከሁሉም የታወቁት ናቸው። መልክዕ የቅዱሱን ሰውነት ክፍል በክፍል እየተሳለመ ይሄዳል። ስሙን ያነሣል፤ ከራስ ጠጉር ይጀምራል፤ ግንባር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ከንፈር እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። በዚያም አያበቃም፤ የነፍስን መውጣት፣ በድኑን፣ ግንዘቱን፣ መቃብሩንም ይሳለማል። ለእያንዳንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ባለአምስት ስንኝ አንድ ቤት ይሰጠዋል።

መልክዕን ከሐውልት ጋር ሳነጻጽረው አንድ ጥንካሬና አንድ ድካም አይበታለሁ። ጥንካሬው መጓዙ ነው። ሐውልት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያሳይ መልክዕ ከአንዱ ብልት ወደ ሌላው ያሳልፈናል፤ ሕይወትንና ሞትን እንኳ ያሻግረናል። ድካሙ ደግሞ አለመምሰሉ ነው። የአንዱን ቅዱስ መልክዕ አንብቦ በመንገድ ቢያገኘው «ይህ እሱ ነው» ሊል የሚችል ሰው የለም። የሁሉም ዓይን ያበራል፤ የሁሉም ከንፈር ማር ያንጠባጥባል። ደራሲው ሊያወድስ እንጂ ሊያስመስል አልተነሣምና በዚህ አይወቀስም። እኛ ግን ከዚህ የወረስነው ልማድ አለ፤ ሰውን ማክበርና ሰውን ማወቅን አንድ አድርገን እንቆጥራለን። ለአንድ ሰው ሐውልት ስናስብም ቶሎ የሚመጣልን ውዳሴው ነው።

በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የተለየ ነገር የማገኘው በናርጋ ሥላሴ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው የደንገል ታንኳዎቹና በዳርቻው ያሉት ዋርካዎች ከኋላ እየራቁ ሲሄዱ፣ ከፊት የሐይቁ ትልቁ ደሴት ደቅ ይመጣል። ናርጋ ያለው በዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የዐፄ በካፋ ባለቤት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስማቸው ራሱ መልክዕ ነው፤ «እንዴት ያለች ውብ ናት» ማለት ነውና። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር እቴጌይቱ ተደፍተዋል።

እቴጌ ምንትዋብ ተዋናይት አልነበሩም። ነገር ግን ንግሥና በአደባባይ የሚታይ፣ የራሱ አለባበስና አቋቋም ያለው ግብር ነው፤ በዚህ ከተዋናይት ሥራ ጋር ይቀራረባል። ሠዓሊው ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። ልብሱን የንግሥት ልብስ አደረገው፤ ጌጡም ክብሩም አልተቀነሰም። አቋቋሙን ግን የምእመን አደረገው፤ በዚያ ልብስ የሚጠበቀው በዙፋን መቀመጥ ሲሆን ሥዕሉ መሬት ላይ አውሎታል። ልብሱ አንድ ነገር ይላል፤ የሰውነቱ አኳኋን ሌላ ነገር ይላል። ተመልካቹ ሁለቱን አብሮ ሲያነብ «እኒህ ሴት ንግሥት ናቸው፤ ንግሥት መሆናቸውንም ከማን ፊት እንዳሉም ያውቃሉ» ይላል። ግብሩና ባለግብሯ፣ ሰሙና ወርቁ፣ በአንድ ምስል ላይ ተለይተው ሳይለያዩ ይታያሉ። ፖውሊን ያጣው ይህንን ነው፤ ፓልመርም የሸሸችው ይህንን ነው። ሠዓሊው የእቴጌይቱን አፍንጫና አገጭ በትክክል አስመስሎ እንደሆነ ዛሬ ማንም ሊመሰክር አይችልም። ሆኖም የሰውነታቸውን አንድ እውነት ይዟል።

ከገዳማቱ ሥዕሎች አንድ ሌላ ነገርም ተምሬአለሁ። በጣና ዙሪያ ባየኋቸው የግድግዳ ሥዕሎች ጥርሱን የገለጠ ጻድቅ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጥርስ የሚያሳዩት አጋንንቱ ናቸው። ስለዚህ «አስፈሪዋ ሉሲ» እዚህ ባሕር ዳር ላይ ቆማ ቢሆን የእኛ ሰው ከአሜሪካኖቹ ፈጥኖ «ይህችስ ከየትኛው ወገን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል። ይህ ለቀልድ ያህል ብቻ አይደለም። ፊት የሚነበበው ተመልካቹ በለመደው ፊደል ነው፤ እዚህ የሚቆም ምስል የሚነበበውም በእኛው ፊደል ነው።

የእኛዋ

እስካሁን ስለ ሰው ሐውልት ስንነጋገር የቆየነው ስለ ራሳችን ለመነጋገር ነው። የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው፤ ርዕሱ የሴት ስም የያዘ ነው። ከዚያ በፊትም በቲያትራችን መድረክ ላይ የሴትን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ የነበረበትን ዘመን ሰብረው የወጡ ሴቶች ነበሩ። ከነዚህ ሁሉ ስሟ ቀድሞ የሚነሣው አስናቀች ወርቁ ናት፤ በዘመናዊው መድረካችን ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ፣ የክራር ባለሟል፣ ድምፃዊት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። የክራር ዘፈኖቿ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ሆነው በውጭ አገር ታትመዋል፤ ስለ ሕይወቷም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶላታል።

እነዚህ ሴቶች መድረክ ላይ ሲወጡ ኅብረተሰቡ ለሙያቸው የነበረው ስም የክብር ስም አልነበረም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወር በነበረበት ጊዜ ፊታቸውን ለሕዝብ ሰጡ። ሰው በገጸ ባሕርይዋ ሲናደድ እሷን ይሰድባል፤ ገጸ ባሕርይዋን ሲወድድ እሷን ይመኛል። ሰሙን ከወርቁ የማይለይ ተመልካች ዋጋውን የሚያስከፍለው ተዋናይቷን ነው። በነሐስ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ቀድሞ በሕይወታቸው የተፈጸመባቸው ስሕተት ነው። ጉዳዩን ከቅርፅ ጥበብ ጥያቄ አልፎ የፍትሕ ጥያቄ የሚያደርገውም ይህ ነው። ላይዋ ላይ ተለጥፎ የኖረውን ሌላ ፊት ሞታ እንኳ በነሐስ ብናጸናባት ሁለተኛ በደል ይሆናል።

እንግዲያስ አንድ ቀን የአስናቀች ምስል በጣና ዳር ቢቆም ምን መምሰል አለበት? ቶሎ የሚመጣልን ክራሯን የታቀፈች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት። እጠነቀቃለሁ። ክራሩ እንደ ሉሲ ማንኪያ ሊሆን ይችላል፤ «ይህች እሷ ናት» ለማለት ብቻ በእጇ የሚሰካ ምልክት። በሌላ በኩል ክራሩ ከማንኪያው ይለያል። ማንኪያው የገጸ ባሕርይዋ ነበር፤ ክራሩ ግን የአስናቀች የራሷ ሙያ ነው። ስለዚህ ክራሩ ይቅር አልልም። የምለው፣ ቀራፂው ክራሩን ከመስጠቱ በፊት እጆቿ ክራሩን እንዴት እንደያዙት ይወቅ ነው። የነሐስ ክራር ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፁን መተካት የሚችለው የጣቶቹና የፊቷ ግንኙነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ ወሬ ልጨምር። አሁን በሕይወት የሌለች አክስቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ትኖር ነበር፤ አስናቀችን በመድረክ ላይ አይታታለች። «ምን ትመስል ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ፊቷን ልትነግረኝ አልቻለችም። «ቆንጆ ነበረች» አለችኝ፤ ይኸ መልክዕ ነው። ደግሜ ስጠይቃት ግን ትንሽ አሰብ አደረገችና ቀኝ እጇን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። «እንዲህ አድርጋ ዝም ስትል፣ አዳራሹ ሁሉ ዝም ይል ነበር» አለችኝ። በዚያች ቅጽበት ሰባ ዓመት የሞላት አክስቴ ሌላ ሴት ሆነች። አስናቀችን አይቼ የማላውቅ ሰው እስከ ዛሬ ስለ እሷ ሳስብ የሚመጣልኝ ያ የእጅ መነሣትና ያ ዝምታ ነው። ለቀራፂ ከአሥር ፎቶግራፍ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ዝምታ ውስጥ ገጸ ባሕርይዋም ባለሙያዋም አብረው አሉ። ነገር ግን ያን ጊዜ አልጻፍሁትም፤ ሌላም አልጠየቅኋትም። አክስቴ ከሞተች በኋላ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

የዚያች ተማሪ ጥያቄ «ማንን ነው ያልመሰለችው?» የሚል ነበር። መልሴ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዋ ሉሲ ገጸ ባሕርይዋን ለመምሰል ሞክራ ተዋናይቷን አጣች፤ ሁለተኛዋ ተዋናይቷን መስላ ሥራዋን ተወች። በናርጋ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል ግን ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል፣ ለዚህም ከአገር ውጭ መሄድ እንደማያስፈልግ ያሳያል።

ለእኛ ከዚህ የሚተርፈው ሥራ የቀራፂው ብቻ አይደለም። ነሐስ የሚደግመው በሰሙ ላይ ያለውን ነው ብያለሁ። የሰሙ ሥራ ደግሞ የእኛ፣ የሥነ ጽሑፍና የቲያትር ሰዎች ሥራ ነው። የድሮ ተውኔቶቻችን ጽሑፍ እንደ ምንም ይገኛል፤ ተዋንያኑ እንዴት እንደቆሙ፣ የት ላይ ዝም እንዳሉ፣ አዳራሹ ምን እንዳደረገ የሚናገር ግን ካዩት ሰዎች ሌላ የለም። እነሱም በየቀኑ እየቀነሱ ነው። በየትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ የታተመውን መጽሐፍ ብቻ ከሚበታትኑ ጥቂቶቹ እንኳ የአያቶቻቸውንና የአክስቶቻቸውን የመድረክ ትዝታ ቢጽፉ፣ የድምፅ ቅጂዎችንና የቆዩ ፊልሞችን ከዚህ አንጻር ቢመረምሩ፣ ነገ ሐውልት የሚያቆም ሰው ከውዳሴ ሌላ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

በጣና ዳር ለአንዲት ተዋናይት ሐውልት ይቆም ዘንድ እመኛለሁ። ነገር ግን ነገ ጠዋት ነሐሱ ተዘጋጅቷል ቢሉኝ «ትንሽ ቆዩ» የምል ይመስለኛል። ሴሎሮን ሁለተኛ ሐውልት ለማቆም ሰባት ዓመት ወስዶባታል፤ ስሕተቷን ለማረም የሚያስችል ፊልም፣ ፎቶግራፍና ሕያው ትዝታ ግን በእጇ ነበር። እኛ አንዴ ከተሳሳትን የምናርምበት ነገር በእጃችን ላይኖር ይችላል። በመጀመሪያ ያዩዋትን እንጠይቅ።